ደረሰኝ

ብርኖ። የሆስፒታሉ ምድር ቤት። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ።
ብላንካ የቀዘቀዘ ሾርባ ታማስላለች፣ ዓይኗን ጥላ ስክሪኑ ላይ።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው፦ ሁለት ፕሮግራም ማነጋገር፣
አንዱ የሌላውን ደጅ ሳይረግጥ፣ ነገር እንዲቀባበሉ ከነምስጢር።
ደም መርማሪው ማሽን ይጽፋል፤ «ላክ» ብሎ ወደ ሥራው ይዞራል፤
መልእክቱ ወረፋ ይይዛል፤
አይጋፋም፤ ዘመድ አለኝ አይል፤ ከፊቱ ያለው እስኪገባ ይቆማል።
ሦስተኛ ፎቅ ያለው አንባቢ ባለተራውን ያነሳል፣
ለነርሷ ገልጦ ያሳያል፣
ከዚያ አንዲት ቃል ይመልሳል፦
«ደረሰኝ»።

ይቺን ካልሰማ ወረፋው አያምንም፤
አይሰርዝም፣ አይጥልም፤
ቂም የለው፤ መሰልቸት አያውቅም፤
ያንኑ መልሶ ይዘረጋል፦ «እንካ፤ ምናልባት አልሰማኸኝም»።

ላይብረሪውን ያመጣው ኦልድርዢኽ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል።
ክፈት፣ ላክ፣ ተቀበል፣ ዝጋ፦ አራት ትእዛዝ፤ ሌላው ዝም ይላል።
እሱ ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ ኩሬ ዳር ዓሣ ያጠምዳል፤
ስልኩን መኪናው ውስጥ ይተዋል።
ከኮዱ መሀል ግን አንድ መስመር ላይ ድምፁ እስካሁን ይሰማል፦
«አትንኩት»።
ለምን እንደሆነ አልጻፈም።
ያ መስመር ከስም ሁሉ አናት ላይ ምልክቱን ያወልቃል፤
የታማሚ ስም ባዶ ራሱን ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል።
ብላንካ ትናንት ከሰዓት ሰረዘችው፤
ሰው በሙሉ ስሙ ይጠራ ብላ፤ ደግ ነበር፣ ነውም፣ ያሰበችው።

አሁን ወረፋው ቆሟል።
ሰማንያ። ሁለት መቶ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።
የስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣
የአራስ ልጅ ቢጫነት፣
ሁሉም ከአንድ መልእክት ጀርባ።
አንባቢው ያነሳዋል፤ ይወድቃል። ይነሳል።
ወረፋው ያንኑ ያቀብለዋል።
ያነሳዋል፤ ይወድቃል።
አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ።

ገልጣ አየችው።
የርዣቤክ፣ ቦህዳን። ሰባ አራት ዓመት።
ፖታሲየም፣ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።
ከስሙ መሀል ያቺ ፊደል፣ አናቷ ላይ ቆብ የደፋች፣
በ«ረ» እና በ«ዠ» መካከል የምትርገፈገፍ፣ ለየትኛውም ያላደረች፤
የዚያ አገር ልጅ ከፊደል ሁሉ መጨረሻ የሚገራት፣
ብላንካም እስከ ሰባት ዓመቷ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ መስታወት ፊት የታገለቻት።
አንባቢው አያውቃትም። ቁጥሩን ገና ሳያይ፣
ስሙ አደናቅፎት ይወድቃል፣ ከደጃፉ ላይ።

ማረሙ ለነገ ነው። አሁን መልእክቱን ከፊት ነቀለችው፤
«ያልደረሱ» ወደሚባለው ጓዳ አገባችው።
አራት መቶ አሥራ አንዱ እንደ ተከፈተ ቦይ ተንዶለዶለ፣
ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ እያለ።
አንዱ ብቻ ጓዳ ቀረ፣ በዝምታ እንደተያዘ፣
ልብ የሚያቆም ቁጥር ታቅፎ፣ በትሕትና ተራ እንደያዘ።

ስልክ አነሳች። ሰባቴ ጮኸ።
«ፓቭሊና ነኝ» አለች ነርሷ፣ ድምጿን እንቅልፍ የነካው።
ብላንካ ስሙን ልትጠራ ስትል፣ ምላሷ ማክሰኞን አስታወሰው፤
እንደ ሕፃን «የራቤክ» አለች።
«እንደሱ የሚባል የለኝም።»
ትንፋሽ ወሰደች፤ ጥርሷን ገጠመች፤
«የርዣቤክ። የርዣቤክ! ስድስት ነጥብ ዘጠኝ» አለች።

የወንበር ፍጭት። የሚሮጥ ጫማ፣ እየራቀ ያለ።
ስልኩ አልተዘጋም።
መዝጋት ትችላለች፤ ግን ወረፋው ያስተማራት ነገር አለ።
ጠበቀች። ሾርባዋ ላይ ስብ ረጋ።
የሌሊት አውቶቡስ አለፈ፤ ገና አልነጋ።
ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ ፓቭሊና፦
«ደረሰኝ»።

ቦህዳን የርዣቤክ፣ የትራም ነጂ የነበረው፣ ጠዋት ሻዩ በረደ ብሎ ተቆጣ፤
ሌሊቱን ማን በጫማ ሲሮጥ እንዳደረ ጠየቀ፤ መልስ አጣ።
ብላንካ የተሰረዘውን መስመር አልመለሰችም፤
አንባቢውን ፊደሏን አስተማረችው፤ አንድ ሰዓት ፈጀባት፤
ከጎኑም «ለምን» የሚለውን ጻፈችለት።
ልትዘጋ ስትል ከፋይሉ ራስ ላይ የኦልድርዢኽን ፊርማ አየች፤
እሱም የራሱን ስም ሲጽፍ ቆቡን አውልቆ ነው።
ደፋችለት።